የፍለጋ ሙያ ከሰፈር ይጀምራል

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ወጣት ሥራ ፈላጊ ሁለት ነገር አከታትሎ ይዞ መጣ። መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን ነፃ የኦንላይን ሥልጠና አስጀመረ። ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ከአየር ጤና እስከ ቀራንዮ፣ ከቤተል እስከ ዓለም ባንክ፣ ላፕቶፕ ያለው ወጣት ሁሉ ስለ ዶላር ገቢ ቢያወራ አይገርምም። በዚህ ወሬ መሀል ደጋግሞ ከሚነሳው ሙያ አንዱ ኤስኢኦ ነው፦ ሰው ጎግል ላይ አንድ ነገር ሲፈልግ የደንበኛህ ገጽ ከፊት እንዲመጣ የማድረግ ሥራ።

አብዛኛው ጀማሪ ዓይኑን የሚጥለው ባሕር ማዶ ላይ ነው። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ቪዲዮ ይከታተላል፤ ልምምዱን አይቶት በማያውቀው ከተማ ስላለ የጥርስ ሐኪም ወይም የቧንቧ ሠራተኛ ይሠራል፤ ከዚያም በፍሪላንስ ገበያ ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከናይጄሪያ እኩዮቹ ጋር በዋጋ ቅነሳ ይፋለማል። ጥረቱን አከብራለሁ። መንገዱ ግን የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። ዕድሜ ያለው የፍለጋ ሙያ የሚገነባው ሌላው ሊያውቀው በማይችለው ነገር ላይ ነው፤ የቀራንዮ ልጅ ደግሞ ማንም የማይፎካከረው በቋንቋውና በሰፈሩ ነው። ዶላሩም ቢሆን በዚያ በኩል ሲኬድ ይበልጥ ይቀርባል።

ሙያው በእርግጥ ምንድን ነው?

የፍለጋ ሞተር ሥራ በሦስት ይጠቃለላል፦ ገጾችን እየዞረ ያነባል፣ ያነበበውን በመዝገቡ ያስቀምጣል፣ ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ የትኛው ይቅደም የሚለውን ይወስናል። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተነስተው እ.ኤ.አ. በ1998 ጎግልን ሲመሠርቱ ትልቁ ሐሳባቸው ከምሁራን ልማድ የተወሰደ ነበር። አንድ ጥናት በሌሎች ጥናቶች በተጠቀሰ ቁጥር ክብደቱ እንደሚጨምር ሁሉ፣ ሌሎች ድረ ገጾች ሊንክ የሚያደርጉለት ገጽም ይበልጥ ይታመናል አሉ።

ይህ ሲታወቅ ሊንክ ሸቀጥ ሆነ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ኒው ዮርክ ታይምስ የአሜሪካው የመደብር ኩባንያ ጄሲ ፔኒ በአያሌ የማይገናኙ ድረ ገጾች ላይ በተገዙ ሊንኮች ከፊት መሰለፉን አጋለጠ፤ ጎግልም ወዲያውኑ ወደ ኋላ ጣለው። በዚያው ወር ፓንዳ የተባለው ማሻሻያ ፍሬ ቢስ ጽሑፍ የሚያመርቱ ገጾችን መታ። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ፔንግዊን የተባለው ሊንክ የሚሸጡትንና የሚገዙትን አሳደደ። ዘዴ ብቻ የተማረ ባለሙያ በእያንዳንዱ ማሻሻያ ከዜሮ ሲጀምር፣ ጠያቂውን ያጠና ግን ሥራው ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። ምክንያቱም የሁሉም ማሻሻያ ዓላማ አንድ ነው፤ የጠየቀ ሰው ትክክለኛ መልስ ያግኝ። ስለዚህ የዚህ ሙያ መሠረቱ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ማወቅ ነው። ይህን ስለ ቶሮንቶ ነዋሪ ለማወቅ ቀራንዮ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ብዙ ይደክማል። ስለ ጎረቤቱ ግን ያውቃል።

ባለቤት ያጣው መስክ

በዓለም ድረ ገጾች ላይ የአማርኛ ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የአማርኛ ዊኪፒዲያ ጽሑፎች 15 ሺህ ገደማ ናቸው። ይህ እጥረት ያሳዝናል፤ ለባለሙያ ግን ያልታረሰ መሬት ነው። መሬቱም የራሱ ጠባይ አለው።

መጀመሪያ ፊደሉን እንይ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ገቡ። ለአንባቢ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሦስት ፊደላት ናቸው። «ጦር ኃይሎች» የሚለውን የሰፈር ስም አንዱ በኃ፣ ሌላው በሃ፣ ሦስተኛው በሀ ይጽፈዋል። «ዓለም ባንክ» እና «አለም ባንክ»፣ «ሕክምና» እና «ህክምና»፣ «ፀጉር ቤት» እና «ጸጉር ቤት» ላይም ያው ነው። ቀራንዮ ራሱ አንዳንዴ «ቀራኒዮ» ይሆናል። በላቲን ሆሄ ሲጻፍ ደግሞ አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጀምረዋል። ፍለጋው በአንዱ አጻጻፍ፣ ገጹ በሌላው ከሆነ መገናኘታቸው በማሽኑ ብልሃት ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው የቋንቋው እርባታ ነው። ቤት ያጣ ሰው «የሚከራይ ቤት» ብሎ ይጽፋል፤ ባለቤቱ «ቤት አከራያለሁ» ይላል፤ ደላላው «ኪራይ ቤት አለን» ብሎ ይለጥፋል። ሦስቱም ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ ቀጥታ ፊደል ለፊደል የሚያመሳስል ፕሮግራም ግን ዝምድናቸውን አያውቅም። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የአማርኛን ቃላት ለመረጃ ፍለጋ ሲባል ወደ ሥራቸው መመለስ የሚቻልበትን መንገድ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች በአማርኛ ፍለጋ ላይ ሠርተዋል። በምርምሩና በገበያው መካከል ግን ድልድይ የለም። እውቀቱ መጽሔትና መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ተቀምጦ፣ ድረ ገጽ የሚሠራው ልጅ ስለ መኖሩም አይሰማም።

ሦስተኛው እኛው በእጃችን ያመጣነው ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ኮፒ ተደርጎ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል፤ ማሽኑም የሚያነበው ያንኑ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ደግሞ ማስታወቂያውን ጽፎ፣ አትሞ፣ ማኅተም አሳርፎ፣ ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል። ቃላቱ በሥዕል ውስጥ ታሽገው ይቀራሉ። ይህን ፎቶ ወደ ጽሑፍ መልሶ፣ ርዕስና ቀን ሰጥቶ፣ ሰው በሚጠይቅበት ቃል ማስቀመጥ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

አንድ ድርጅት ላይ ቆመን እንይ

ቀራንዮ አካባቢ አንድ ክሊኒክ አለ እንበል። ባለቤቱ አድራሻውን ሲናገር «ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ፣ ገባ ሲሉ በግራ» ይላል። ከተማችን የምትኖረው በእንዲህ ዓይነት አድራሻ ነው። በጎግል ካርታ ላይ መመዝገብ ሲፈልግ ድርጅቱ በእርግጥ መኖሩን እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። ቀድሞ በስፋት የሚሠራበት መንገድ ኮድ የያዘ ፖስታ ካርድ መላክ ነበር፤ ደብዳቤ በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ በየቤቱ በማይደርስበት አገር ይህ አስቸጋሪ ነው። አሁን በብዛት የሚጠየቀው ሳይቋረጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ባለሙያው ከውጭ ይጀምራል፦ መንገዱን፣ አጠገቡ ያለውን ሕንፃ፣ የክሊኒኩን ታፔላ ያሳያል፤ ቀጥሎ ባለቤቱ በሩን በቁልፍ ሲከፍት፣ ከዚያ የውስጥ ዕቃውንና የንግድ ፈቃዱን ይቀርጻል።

ቀጥሎ የሥራ ሰዓት ይሞላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ከ2 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት» የተባለው እንዳለ ከተጻፈ ካርታው ክሊኒኩን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከፍቶ ቀትር ላይ ይዘጋዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ወደ 8፣ ምሽት 12 ሰዓት ወደ 18 መዞር አለበት። ገናና ጥምቀት፣ ፋሲካና ዒድ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል በበዓል ሰዓትነት ተለይተው መግባት አለባቸው። ይህን የውጭ ኩባንያ አይሞላልንም። ጎግል በአካባቢ ፍለጋ ላይ የሚያያቸው ሦስት ነገሮች ተዛማጅነት፣ ርቀትና ዕውቅና መሆናቸውን ራሱ ይናገራል። ርቀቱን ማንም አይለውጠውም፤ ሁለቱ ግን የባለሙያው ሥራ ናቸው።

ነገሩ ከንግድም ያልፋል። ቀራንዮ ባለበት ክፍለ ከተማ፣ ዘነበ ወርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል አለ፤ በቆዳ ሕክምናው ከሩቅ ክፍለ ሀገር ሳይቀር ሰው ይመጣበታል። ከጎጃም ወይም ከወለጋ እናቱን ይዞ ሊመጣ የተሰናዳ ልጅ ስልኩ ላይ የሚጠይቀው የሆስፒታሉን ታሪክ አይደለም። ሪፈር ያስፈልጋል ወይ? ካርድ የሚወጣው በየትኛው ቀን ነው? ከመርካቶ የትኛውን ታክሲ ልያዝ? አቅራቢያው አልጋ አለ? እንዲህ ላሉ ጥያቄዎች በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ትክክለኛና ቀኑ ያላለፈበት መልስ ማስቀመጥ አንድ ቤተሰብን ከብዙ እንግልትና ወጪ ያድናል። ሙያው ክብር የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ማን ይከፍላል?»

የመጀመሪያው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ተገቢም ነው። የሰፈር ሱቅ በዶላር አይከፍልም። ነገር ግን መረጃን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ዋጋ እንዳለው የአገራችን ገበያ አረጋግጧል። ጨረታ በጋዜጣ ታትሞ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ቱመርካቶ የተባለው ድረ ገጽ ግን ከየጋዜጣው ሰብስቦ በየዘርፉ ስለሚያቀርበው ነጋዴ ከፍሎ ይመዘገባል። ኢትዮጆብስም ቀጣሪንና ሥራ ፈላጊን በማገናኘት የቆመ ንግድ ነው። ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ስለሚበላ የሚያሳጥረው ይከፈለዋል።

ሁለተኛው «ሕዝቡ ቴሌግራም ላይ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ግን ቻናል የሚያገለግለው አስቀድሞ የሚያውቅህን ሰው ነው። የትናንቱ ልጥፍ በዛሬው ይሸፈናል። ፍለጋ ግን ስምህን ሰምቶ የማያውቀውን፣ ችግሩን ብቻ ይዞ የመጣውን ሰው ያመጣልሃል። ቻናል ያለው ነጋዴ ድረ ገጽም ያስፈልገዋል፤ አንዱ ሌላውን ይመግባል።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2024 ጀምሮ ጎግል በአሜሪካ ከውጤቶቹ በላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ መልስ ማሳየት በስፋት ጀምሯል፤ አንባቢ ገጹን ሳይከፍት መልሱን ይዞ ይሄዳል። ይህ ከሌሎች ገጾች ተቀድቶ የተገጣጠመ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በመጻፍ ለሚኖር ሰው መጥፎ ዜና ነው፤ ያንን ማሽኑ ራሱ ይጽፈዋል። ማንም ያልጻፈውን ግን ማሽን ከየት ያመጣዋል? የኮልፌ አጠና ተራን የዋጋ ልማድ፣ የወረዳውን የመታወቂያ አሰጣጥ፣ የሰፈሩን ክሊኒክ የሥራ ሰዓት መጀመሪያ አንድ ሰው ሄዶ፣ ጠይቆ፣ አረጋግጦ መጻፍ አለበት። አዲሱ ቴክኖሎጂ የመጀመሪያ እጅ መረጃን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይጥለውም።

አንድ ልጨምር። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ገደማ የአገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ነበር። የውጭ ደንበኛ እንዲህ ባለ ጊዜ አይጠብቅም፤ ሌላ ሰው ይቀጥራል። በሰፈር ሰው የሚያውቀው፣ በአካል የሚገኝ ባለሙያ ግን አገልግሎቱ ሲመለስ ሥራው ይጠብቀዋል።

ሙያው እንዴት ይገነባል?

መነሻው አንድ ደንበኛ ነው። ቀራንዮ ላይ ያለ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ትምህርት ቤት ይበቃል። ሥራ ሳይጀመር ያለውን ሁኔታ መመዝገብ ያስፈልጋል፦ በወር ስንት ሰው ከካርታው ደወለ፣ ስንት ሰው አቅጣጫ ጠየቀ። የጎግል የድርጅት ገጽ ይህን በነፃ ያሳያል። ድረ ገጽ ካለም ሰርች ኮንሶል የተባለው ነፃ መሣሪያ ሰዎች በየትኛው ቃል እንደመጡ ይነግራል። ከወራት በኋላ ያው ይለካል። ይህ መዝገብ ከማንኛውም ሰርተፊኬት ይበልጣል። ነገ የቶሮንቶው ደንበኛ «ምን ሠርተሃል?» ሲል የሚታየው እሱ ነው።

ጎን ለጎን እንግሊዝኛ ማንበብ፣ ጥቂት ኤችቲኤምኤል ማወቅ፣ ከሁሉም በላይ ጥርት ያለ አማርኛ መጻፍ ያስፈልጋል። ቀን መቁጠሪያውም የእኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚፈለገው፣ የጾም ምግብ የሚጠየቀው፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ዝርዝር የሚታሰሰው በየራሱ ወቅት ነው፤ ቀድሞ የተዘጋጀ ያገኛል። ከዚያ ደረጃው ይወጣል፦ መገናኛ ብዙኃን፣ ባንክ፣ ሆስፒታል፣ አስጎብኚ ድርጅት። አስጎብኚው ጋ ሲደረስ ዶላሩም ይመጣል፤ ላሊበላን ወይም ሰሜን ተራሮችን የሚፈልገው እንግዳ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ መልሱን በትክክል የሚያውቀው ግን የአገሩ ሰው ነው።

ሐቀኝነት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ መኖር አለበት። «አንደኛ አወጣሃለሁ» ብሎ ቃል መግባት ውሸት ነው፤ ጎግል ራሱ ማንም ይህን ሊያረጋግጥ እንደማይችል ያስጠነቅቃል። የውሸት አስተያየት ማጻፍ፣ ሊንክ መግዛት፣ ተፎካካሪን ማጠልሸት ጥቂት ወር ሊያበላ ይችላል፤ ሰው በሚተዋወቅበት ሰፈር ግን ስም አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

መሥሪያ ቤቶችም ድርሻ አላቸው። ወረዳና ክፍለ ከተማ፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ማስታወቂያቸውን በፎቶ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም ቢያወጡና ይህን የሚሠራ ወጣት በኮንትራት ቢቀጥሩ ወጪው ትንሽ ነው፤ ከመስኮት ፊት የሚቀንሰው ሰልፍ ግን ብዙ ነው። የሥልጠና ፕሮግራሞችም በኮዲንጉ አጠገብ የአማርኛና የሌሎች የአገር ቋንቋዎች የፍለጋ ሥራን ቢያስተምሩ ተመራቂው ከቤቱ ሳይርቅ የሚሠራው ሥራ ያገኛል። የቋንቋችንን ጥያቄ በቋንቋችን የሚመልስ ሰው ከሌላ አገር አይላክልንም። ሥራው የእኛ ነው፤ ለሚጀምረውም ክፍት ነው።