የአክሶሎትል ቆዳ ሲታመም መጀመሪያ ውኃው ይመርመር

ከአገር ውጭ በሚኖሩ ቤተሰቦች ሳሎን ውስጥ አንድ እንግዳ ፍጡር ቦታ እየያዘ መጥቷል። ስሙ አክሶሎትል ነው። ፈገግ ያለ የሚመስል ፊት፣ ከአንገቱ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ላባ መሰል ስንጥቦች ያሉት፣ ዕድሜውን ሙሉ ከውኃ የማይወጣ የሜክሲኮ ሳላማንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ማይንክራፍት የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ካካተተው ወዲህ ልጆች ለልደታቸው ስጦታ ይጠይቁታል። ወላጆች ግን ስሙን እንኳ በአማርኛ ማግኘት ይቸግራቸዋል። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ ሳላማንደር ስለሌለ የአገር ቤት ቋንቋ ስም ሊያወጣለት አልቻለም። አንዳንዶች “እንሽላሊት” ብለው ያልፉታል። ይህ ስያሜ ሲያዩት ቀላል ስሕተት ቢመስልም ለእንስሳው አደገኛ ነው።

እንሽላሊት ደረቅና ቅርፊታም ቆዳ አለው፤ ውጭ ያለው ነገር በቀላሉ ወደ ውስጡ አይዘልቅም። ሳላማንደር ግን የእንቁራሪት ዘመድ ነው። ቆዳው ስስና ዝልግልግ ነው፤ በእሱ በኩል ኦክስጅን ይስባል፣ ውኃና ጨው ያስገባል፣ ያስወጣልም። ሰው ሳንባው ላይ መርዝ ቢረጭበት የሚሆነውን ያህል፣ አክሶሎትልም የሚኖርበት ውኃ ሲበላሽ መላ አካሉ ይጎዳል። ቅባት ወይም ሳሙና የነካው እጅ እንኳ ይጎዳዋል።

ነገሩ በአብዛኛው እንዲህ ይጀምራል። እንስሳው በተገዛ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ሆዱና እግሮቹ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ይታያል፤ ስንጥቦቹ ይሟሽሻሉ፤ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ቆዳው ላይ ይበቅላል። ቤተሰቡ ይደነግጣል። ልጁ ያለቅሳል። ከዚያ የምክር ጎርፍ ይመጣል፦ በጨው ይታጠብ፣ ጥቁር ሻይ ውስጥ ይነከር፣ ሰማያዊው መድኃኒት ይጨመርበት። በአንድ ቀን ሦስቱንም የሚሞክሩ አሉ።

ይህ ጥድፊያ ስሕተት ነው። ጥጥ የሚመስለው ፈንገስ ብዙውን ጊዜ የበሽታው መነሻ አይደለም። በየውኃው ውስጥ የሚኖር፣ ጤናማ ቆዳን ሰብሮ መግባት የሚሳነው፣ የቆሰለና የተዳከመ ቆዳ ሲያገኝ ግን የሚሰፍር ነው። ቆዳውን ቀድሞ ያቆሰለው ነገር በአብዛኛው ገንዳው ውስጥ ይገኛል። የተቃጠለ ቆዳ ላይ ጨው መጨመር ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ሐኪም መጠኑንና ደቂቃውን ለክቶ የጨው ውኃ ሊያዝዝ ይችላል፤ በግምት የሚደረገው ግን ቆዳውን የሚከላከልለትን ዝልግልግ ሽፋን ይገፍፈዋል።

የገንዳው ምስጢር አሞኒያ ነው። ከእንስሳው ኩስና ከምግብ ትርፍራፊ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ቆዳና ስንጥብ ያቃጥላል። በማጣሪያው ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን ለመራባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚፈልጉ መሆናቸው ነው። በአንድ ቀን የተገዛ አዲስ ገንዳ ምንም ያህል ጥርት ብሎ ቢታይ ባክቴሪያ የለውም። ስለዚህ ገንዳውንና እንስሳውን በአንድ ደረሰኝ የሚሸጥ ሱቅ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ በሽታውን አብሮ ይሸጣል። ገንዳው መጀመሪያ፣ እንስሳው ከወር በኋላ ቢሸጥ ነጋዴው ትዕግሥት የለሹን ደንበኛ ያጣል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ይህንን ሕግ ሆኖ ማየት መልካም በሆነ ነበር።

የቧንቧ ውኃም የራሱ ጣጣ አለው። ክሎሪን ብቻ ያለበት ውኃ ክፍት ተደርጎ ቢያድር ክሎሪኑ ይተናል፤ ይህን ብዙዎች ያውቁታል። ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ በርካታ የአሜሪካ ከተሞች የሚጠቀሙበት ክሎራሚን ግን አድሮም አይለቅም። ለዚህ የሚሸጠው የውኃ ማስተካከያ ጠብታ የግድ ያስፈልጋል።

ሙቀቱ ደግሞ አለ። አክሶሎትል የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከ24 ሲያልፍ ይታመማል፣ ባክቴሪያና ፈንገስም ይበረታበታል። በዱባይ ወይም በሪያድ በጋ፣ ጣሪያ ላይ ካለ ታንከር የሚወርደው ውኃ እጅ በሚያቃጥልበት ወቅት፣ ያለ ውኃ ማቀዝቀዣ ይህን እንስሳ ማሳደግ ጭካኔ ነው። ማቀዝቀዣው ከእንስሳው በብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ ወላጅ ይህን ከመግዛቱ በፊት ማስላት አለበት።

እንግዲህ ቆዳው የታመመ እንስሳ ሲገጥም ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። ውኃው በመመርመሪያ ይለካ፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ፣ ታማሚው ክሎሪኑ በተወገደለት ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ በተሞላ ሌላ ዕቃ ይቆይ፤ ውኃው በየቀኑ ይቀየርለት፤ ገንዳው እስኪስተካከል አይመለስ። ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ያገግማሉ። ቀይ ነጠብጣቡ ከሰፋ፣ ቁስል ከታየ ወይም መብላት ካቆመ ግን የእንስሳት ሐኪም ማየት አለበት፤ ለዚያውም ከውሻና ከድመት ሌላ እንስሳትን ማከም የሚችል። ሐኪሙ ከቆዳው ላይ በጥጥ ናሙና ወስዶ ያስመረምራል።

ናሙናው የሚወሰደው በምክንያት ነው። ቢሳል የሚባል ቆዳ በል ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ2013 በሳይንስ ከመታወቁ በፊት የኔዘርላንድን የእሳት ሳላማንደሮች ከአሥር ዘጠኙን በላይ ጨርሶ ነበር። ተመራማሪዎች ከእስያ ወደ አውሮፓ የገባው በቤት እንስሳት ንግድ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። አሜሪካም በዚሁ ስጋት እ.ኤ.አ. በ2016 የ201 የሳላማንደር ዝርያዎችን ማስገባት ከልክላለች። ይህ ፈንገስ የያዛቸው የእሳት ሳላማንደሮች በ25 ዲግሪ ሙቀት ለአሥር ቀን ሲቆዩ እንደሚድኑ ተረጋግጧል፤ ያው ሙቀት አክሶሎትልን ያሳምማል። ለአንዱ የታዘዘውን ለሌላው መገልበጥ የማይበጀው ለዚህ ነው።

የዚህ ፈንገስ የቅርብ ዘመድ የሆነው ቢዲ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በሚኖሩ እንቁራሪቶች ላይ ተገኝቷል፤ በባሌ ተራሮች፣ በሌላ ዓለም የማይገኙ የእንቁራሪት ዝርያዎች ቁጥራቸው ማሽቆልቆሉን ጥናቶች አሳይተዋል። አክሶሎትል ራሱ በትውልድ ቦታው፣ በሜክሲኮ ሲቲው ሶቺሚልኮ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በካሬ ኪሎ ሜትር 6 ሺሕ ገደማ ይገመት ነበር። ሁለት ዐሥርት ዓመታት ሳይሞላ ከ40 በታች ወርዶ ነበር።

ስለዚህ ልጁ የሰለቸውን ወይም የታመመውን እንስሳ “ነፃ እንልቀቀው” ብሎ በአቅራቢያው ወንዝ መጣል የርኅራኄ ሥራ ተደርጎ መታየት የለበትም። ካሊፎርኒያ ከአገሬው ሳላማንደሮች ጋር እንዳይዳቀል በመስጋት አክሶሎትልን በቤት ማኖርን ጭምር ከልክላለች፤ ሎስ አንጀለስ ያለ ቤተሰብ ከሌላ ግዛት አስመጥቶ ቢያኖር ሕግ ይጥሳል። ሌላ ቦታ ያለ ቤተሰብ ማሳደጉ ካልተመቸው ለሚያውቅበት ሰው ያስረክብ። የታመመ እንስሳ የነበረበት ውኃም ግቢ ውስጥ ወይም የዝናብ ውኃ መውረጃ ላይ አይደፋ፤ በረኪና ተጨምሮበት ከቆየ በኋላ በመጸዳጃ ቤት ይፍሰስ፤ መረቡና ጠጠሩም እንዲሁ በበረኪና ታጥበው ይድረቁ።