ሦስቱን በር ዘግቶ አራተኛውን ረስቶ!

አሜሪካ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ያለው አንባቢያችን ብዙ ነው። በስልክ ሲያወሩ «ክሬዲቴ ተበላሸብኝ» የሚለውን እሮሮ ያልሰማ የለም። ሰምተን ግን «አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል» ብለን እናልፋለን። ነገሩ በአይዞህ የሚታለፍ አይደለም። እዚያ አገር የሰው መልካም ስም የሚመሰከረው በጎረቤት ሳይሆን በመዝገብ ነው። መዝገቡ የተበላሸበት ሰው ቤትና መኪና በዱቤ መግዛት ቀርቶ ቤት መከራየትም ይቸግረዋል። አንድ መጥፎ ነገር ከተጻፈበት አብዛኛውን ጊዜ እስከ 7 ዓመት አይፋቅም።

መዝገቡን የሚይዘው መንግሥት እንዳይመስላችሁ። ነጋዴዎች ናቸው! ስማቸው የታወቀው ሦስቱ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ይባላሉ። ብዙ ሰው የሚያውቀው እነዚህን ብቻ ነው። አራተኛ አለ ቢባል «ደግሞ ማን?» ይላል።

አራተኛው ኢኖቪስ ይባላል። መቀመጫው ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ ነው። እንደ ሦስቱ ነጥብ አይሰጥም፤ የቤት ብድር የሚሰጡ ባንኮችም በአብዛኛው የሚጠይቁት ሦስቱን ነው። ታዲያ ምን ቸገረን? የሚቸግረንማ ይኸው ነው። ኢኖቪስ የሰዎችን ስም፣ አድራሻና የዕዳ አከፋፈል ይመዘግባል። የአመልካችን ማንነት ለሚያጣሩ ድርጅቶች አገልግሎቱን ይሸጣል። «ካርድ እንስጥዎ» የሚሉ ደብዳቤዎች ለማን እንደሚላኩ ለአበዳሪዎች ስም ዝርዝር ያቀርባል። በሰው ስም ይነገድበታል፣ ባለስሙ ግን አያውቅም!

እ.ኤ.አ. በ2017 የኢኩፋክስ መዝገብ ተዘርፎ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ መውጣቱን ዓለም ሰምቷል። በዓመቱ፣ በ2018፣ ማንም ሰው መዝገቡን ያለ ክፍያ እንዲያሳግድ የሚያስችል ሕግ ወጣ። መዝገቡ ከታገደ ሌባ በሌላ ሰው ስም ብድር ለማውጣት ይቸገራል። ብዙ ወገኖቻችንም ሦስቱን አሳግደው «ተመስገን» ብለው ተኙ። ነገር ግን እያንዳንዱ ድርጅት የየራሱ ቁልፍ አለው፤ የአንዱ መዘጋት ሌላውን አይዘጋም። አራተኛው በር ክፍት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሕግ ሦስቱ ድርጅቶች የጋራ መስኮት ከፍተው የእያንዳንዱን ሰው መዝገብ በነፃ እንዲያሳዩ አስገድዷል። ኢኖቪስ በዚያ መስኮት የለም፤ የሚፈልግ ሰው ራሱን ድርጅቱን መጠየቅ አለበት። የሚያስገርመው «የካርድ ደብዳቤ አትላኩብኝ» የሚባልበት ሌላ የጋራ መስኮት አለ። እዚያ አራቱም አሉ! ደብዳቤ ለማስቆም አራቱን ማሰባሰብ ከተቻለ፣ ሰው የገዛ መዝገቡን ለማየት ሲፈልግ ለምን ሦስት ብቻ ይሆናሉ? ለመሆኑ ያልተነገረ መብት ካልተሰጠ መብት በምን ይለያል?

ኢኖቪስ መዝገቡን ለጠየቀው በነፃ ይሰጣል፤ አሳግዱልኝ ለሚለውም በነፃ ያግዳል፤ ብድር ሲያስፈልግ መልሶ ይከፍታል። ስህተት ያገኘ ሰው አቤት ካለ በሕጉ መሠረት በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ መጣራት አለበት። ችግሩ አገልግሎቱ አለመኖሩ ሳይሆን አድራሻውን የሚነግር መጥፋቱ ነው። የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች አራተኛውንም ወደ ጋራው መስኮት ሊያስገቡት ይገባል። እስከዚያው በየከተማው ያሉ የኮሚኒቲ ማኅበራት፣ ቤተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ለአዲስ መጤው ይንገሩት።

እዚህ ያለነውስ? ባንኮቻችን የተበዳሪን መረጃ በብሔራዊ ባንክ በኩል ይለዋወጣሉ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ስንቶቻችን ጠይቀናል? ወረቀት ላይ ያለ መብት የሚሠራው ሲጠይቁት ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስልክ «ክሬዲቴ» ሲባል «አራተኛውንስ ዘግተሃል?» በሉ። ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን!