«ጭብጥ አድርገህ ያዝ!» ለሚሉ ሊቃውንት

በየፑል ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው «ጭብጥ አድርገህ ያዝ እንጂ! ምሳ አልበላህም እንዴ?» እያሉ ጀማሪውን የሚያሸማቅቁ ሊቃውንት ተብዬዎች በዝተዋል። ምስኪኑ ፍሬሽ ዱላውን እንደ እባብ አንቆ ይመታል፤ ነጯ ኳስ ወዲያ፣ የታለመችው ወዲህ። ከዚያስ? የተሸነፈ ይከፍላል! የወሩ የኪስ ገንዘብ በሳምንት እልም።

ይህ ምክር ስሕተት ብቻ አይደለም፣ ንጥቂያ ነው። ኧረ ለመሆኑ መካሪዎቹ ራሳቸው ሲመቱ ኋለኛ እጃቸውን አይታችኋል? ዱላው በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ላይ ጋደም ብሏል። የቀሩት ሁለቱ ጣቶች ዱላው ወደ ኋላ ሲሳብ ከፈት፣ ሲመለስ ገጠም ይላሉ። የሚያስተምሩት ሌላ፣ የሚሠሩት ሌላ! ዕውቀቷን እንደ ደብተራ መድኃኒት ሸሽገዋታል።

ነገሩ ግን ምሥጢር የለውም። ከክርን በታች ያለው ክንድ እንደ ግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም መወዛወዝ አለበት፤ ጫፉ ኳሷን ሲነካም ቀጥ ብሎ ወደ ወለሉ መንጠልጠል። ዱላውን ጨምድደው ሲይዙት የእጅ አንጓ ይደርቃል፣ የዱላው ጭራ ይነሣል ወይም ወደ ጎን ይጠመዘዛል፤ ጫፉም ያነጣጠረበትን ትቶ ሌላ ቦታ ይነካል። ሩቅ ያለች ቀዳዳ ደግሞ የሚሊሜትር ስሕተት አትምርም።

«ታዲያ ኃይሉ ከየት ይምጣ?» ትሉኝ ይሆናል። ከፍጥነት ነዋ! ዱላው ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ኳሷ ከ170 ግራም አትበልጥም። ጫፉ ኳሷን የሚነካትም ለ1 ሺሕኛ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ጡጫችሁን እስክታጠብቁ ኳሷ ሄዳለች፤ ማንን ልትይዙ ነው?

ላላ ይበል ስል ይለቀቅ ማለቴ አይደለም። ዱላው አምልጦ ጨርቁን ቢቀድ ባለቤቱን ማን ይችለዋል!

«ፑልና ሥነ ጽሑፍ ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። የፊዚክስ ተማሪ ስሙን ሲሰማ የሚያልበው ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ እ.ኤ.አ. በ1835 ስለ ቢሊያርድ ኳሶች እንቅስቃሴ የሒሳብ መጽሐፍ አሳትሟል። እሱ ካላፈረ እኛ ምን ቤት ነን?

እናም ሲኒየሮች ሆይ! መጀመሪያ እጃችሁን ለልጁ አሳዩት። ከዚያ ግጠሙት፤ ያኔ ተሸንፎ ቢከፍል ቅር አይለኝም።