«አንተ ልብስ ጠብቅ!»

ለማስተማር ልምምድ ደሃና በነበርንበት ጊዜ ያየነውን ሳንጽፍ ብንቀር ኅሊናችን አይፈቅድልንም። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው። ልጆቹ እየጮኹ ወደ ሜዳ ወጡ። በምርኩዝ የሚሄደው ልጅ ግን «አንተ ልብስ ጠብቅ» ተባለና ከሹራቡ ክምር አጠገብ ቁጭ አለ። ማን አለው? ከእኛው አንዱ። ሌሎቻችንም ሰምተን ዝም አልን።

እንዴ! ይህ የአበበ ቢቂላ አገር አይደለም ወይ? አበበን ስናነሣ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በጫማ ማሸነፉን እንተርክና እዚያው እናቆማለን። ከዚያስ በኋላ? በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ ደርሶበት ዳግመኛ በእግሩ መቆም ተሳነው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ወረወረ፤ የጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ የማንንም ልብስ አልጠበቀም።

ሌላም አለ። አበበ ሮም ላይ ከሮጠ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በዚያችው ከተማ፣ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ በሚባለው ውድድር፣ ስፖርተኞች ወንበራቸው ላይ ሆነው የዳርት ሰሌዳን ከሩቅ በቀስት ይወጉ ነበር።

ዳርት ማለት ከ1 እስከ 20 ቁጥር በተከፋፈለ ክብ ሰሌዳ ላይ ትንንሽ ቀስት በእጅ መወርወር ነው። ከ501 ተነሥቶ ያገኙትን እየቀነሱ ዜሮ ይደረሳል። 20 ቁጥር በ1 እና በ5 መካከል ስለ ተቀመጠ ጥቂት የሳተ ይቀጣል። የሒሳብ መምህራኖቻችን ልብ ይበሉልን፤ መቀነስ የማይችል አይጫወተውም።

ይህንንም ሙያ አድርገው የኖሩበት አሉ። ፊል ቴይለር እንግሊዝ ውስጥ የሴራሚክ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። የአምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑ ኤሪክ ብሪስቶ በገንዘብ ደግፎ አሠለጠነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ተማሪው አስተማሪውን 6 ለ 1 ረታው (መምህራን አይደንግጡብን!)። ቴይለር 16 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሰናበት ዕድሜው 57 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ሉክ ሊትለር በ17 ዓመቱ ዋንጫውን ወሰደ። እግር ኳስ ውስጥ የ57 ዓመት ተጫዋች ማግኘት እጅግ ብርቅ ነው!

«የፈረንጅ መጠጥ ቤት ጨዋታ ነው» ያለን ጓደኛ አለ። መጠጥ ቤት ማደጉ እውነት ነው። ዒላማ መምታት ግን ለዋግ ልጅ እንግዳ አይደለም፤ ማማ ላይ ሆኖ ማሽላ ሲጠብቅ ወንጭፉ ከእጁ አይለይም። ደግሞስ በዚህ ተዳፋት አገር የስፖርቱ ክፍለ ጊዜ ግማሹ ገደል የገባ ኳስ በማምጣት ያልቅ የለ?

የሾለ ቀስት ለሕፃናት ይሰጥ አላልንም። ግድግዳ ላይ በጠመኔ ክብ ማስመር፣ ቁጥር መጻፍና የጨርቅ ኳስ ማስወርወር ወጪ የለውም። የስፖርት መምህራኖቻችን ከመጪው ልምምድ በፊት አንድ የዒላማ ትምህርት ከእኛ ጋር ቢያዘጋጁ ምን አለበት?

ያ ልጅ ልብስ እየጠበቀ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከፊቱ አንዲት አሮጌ ቆርቆሮ አቁሞ በጠጠር ይመታት ነበር። ስንቆጥርለት ከአሥር ሰባቱን አገኘ። ከመካከላችን ሁለታችን ሞክረን አራት አልሞላንም።