የሰኞ ጠዋት ጥሪ

ጥምቀት ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው ለልጄ ቀሚስ ላሰፋ ጨርቄን ይዤ ወደ መኪና ግርግር ወረድኩ። ሐረርን ለማታውቁ ልንገራችሁ፦ መኪና ግርግር ከፈረስ መጋላ ተነስቶ ወደ ጀጎል ውስጥ የሚዘልቅ ጠባብ መንገድ ነው። ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ከተደረደሩት የስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። እዚያ እናቴም ታሰፋበት የነበረ አንድ አዛውንት ሰፊ አሉ። ጨርቁን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ለጥምቀት አይደርስልሽም። የሰው ሥራ እጄ ላይ አለ። ይደርሳል ብዬ ብቀበልሽ በዋዜማው ልጅቷን አስለቅሳታለሁ።»

«አባባ፣ ዋጋ ልጨምርልዎት» አልኳቸው።

ሳቁ። «ገንዘቡ ቀኑን አያረዝመውም። ለፋሲካ ከሆነ ግን አምጪው።»

ገበያዬን ፊት ለፊቴ ሲመልሱት የተሰማኝ ብስጭት አልነበረም፤ እፍረት ነው። ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ የእኔን ፊርማ የሚጠብቅ አንድ ፖስተር ነበር። «ባዘዙ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሉበት እናደርሳለን» ይላል። የመጋዘን ኃላፊያችን ደግሞ ባሉን ሁለት መኪናዎች ከሦስት ቀን በፊት ማድረስ እንደማንችል በግልጽ ነግሮኛል።

በመሳቢያዬ ውስጥ ሌላም ወረቀት ነበር። ገና ቀን ያልጻፍኩበት የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በደመወዝ ተጣልቼ አይደለም። በቢዝነስ ተመርቄ፣ ዕቃ እንዲሸጥ ሳስተዋውቅ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል፦ እግዚአብሔር የፈጠረኝ ለዚህ ነው? ጓደኞቼ «ጥሪሽን ፈልጊ» ሲሉኝ ጥሪ ማለት ከዚህ ቢሮ ውጭ የሆነ፣ ትልቅና ንጹሕ የሆነ ነገር ይመስለኝ ነበር። ብዙዎቻችሁም እንደዚያ የሚሰማችሁ ይመስለኛል። ሰኞ የምንገፋው ሸክም፣ እሑድ ደግሞ እውነተኛው ሕይወታችን ይሆናል።

በሐረር ስለ ጥሪ ሲነሳ ወደ አእምሮዬ ቀድሞ የሚመጣው ገንደ ፌሮን ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እዚህ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም ከኖረው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከዶክተር ዣን ፌሮን ነው። ሕሙማን ከቤተሰባቸውም ከገበያውም በሚገለሉበት ዘመን አገሩን ትቶ መጥቶ ቁስላቸውን ያጠበ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሕይወት ሳስብ የእኔ ፖስተር ያሳፍረኝ ነበር።

ነገር ግን የዚያን ታሪክ ተከታይ ስመለከት ሐሳቤ ተቀየረ። ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢሲዲሞ ይገኛል። በዚያ ያለው ሆስፒታል የተጀመረው በሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመን፣ ቩርዝቡርግ ከተማ የተመሠረተ የሥጋ ደዌ መርጃ ማኅበር ሲሆን ቢሲዲሞ የመጀመሪያ ሥራው ነበር። ማኅበሩን ከመሠረቱት መካከል ሄርማን ኮበርና ባለቤቱ ኢሬነ ይገኛሉ። ሄርማን ሐኪም አልነበረም፤ መነኩሴም አልነበረም። ጋዜጠኛ ነበር። የያዘው ብዕር ነበር፤ በያዘው ሠራ።

ከዚያ ደግሞ ሆስፒታሉን ውስጡ ገብታችሁ አስቡት። ሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል። ሕመምተኛው እሾህ ቢወጋው፣ ጠጠር ቢፍቀው አይሰማውም፤ ቁስሉ ሳያውቀው ይሰፋል። ዛሬ በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ አስቀድሞ የደነዘዘ እግር ግን ብዙ ጊዜ እንደደነዘዘ ይቀራል። ስለዚህ ለእግሩ የሚስማማ ጫማ የሚሠራለት ሰው ያስፈልገዋል። በየቀኑ እግሩን የሚያጥብና የሚያይ፣ ውሃ የሚያሞቅ፣ ምግብ የሚያበስል፣ ሒሳቡን በታማኝነት የሚይዝም ያስፈልጋል። ከእነዚህ የቱ ነው «ጥሪ»፣ የቱስ ነው «ተራ ሥራ»? ጫማ ሰፊው ስፌቱን ቢያበላሽ የሐኪሙ ድካም ውሃ በላው ማለት ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም በዚህ በኩል ለእኛ ቅርብ ነው። ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ ነበር። በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰበከችውን ስብከት ሳይሆን የሰፋችላቸውን ልብስ ነው። ሥራችሁን ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምትሠሩ በሙሉ ልብ ሥሩ የሚለው የቆላስይስ መልእክት ምክር ደግሞ የተነገረው በቀጥታ ለባሪያዎች ነበር። ሥራቸውን ላልመረጡ ሰዎች ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ስል አንድ ነገር እንዳይደባለቅባችሁ። ጥሪ በደልን መሸከሚያ ምክንያት አይደለም። ጉልበታችሁን የሚበዘብዝ ወይም ሰው እንድትጎዱ የሚያስገድድ ሥራ ከሆነ በጸሎትና በምክር መልቀቅም ጥሪ ሊሆን ይችላል። እኔ የምለው፣ ከመልቀቃችን በፊት በያዝነው ወንበር ላይ ሆነን የተጠራንበትን ነገር አድርገን እናውቃለን ወይ ነው።

እኔ አድርጌ አላውቅም ነበር። ፖስተሩን ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጄ ገባሁና «24 ሰዓት የሚለውን አልፈርምም፤ ሦስት ቀን እንበል» አልኩት። አልተደሰተም። «ተፎካካሪዎቻችን እንዲያ ይላሉ እንዴ?» አለኝ። ረጅም ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ፖስተሩ «በ3 ቀን ውስጥ» ተብሎ፣ ዘግይቶ ታተመ። በዚያ ሩብ ዓመት የሽያጭ ዕቅዳችንን አላሳካንም፤ ጉርሻዬም ቀረ። ባለቤቴ ሲሰማ ዝም አለና «የቤት ኪራዩን እንዴት እንደምንሞላው እንነጋገር» አለ። እውነት መናገር ወዲያው ይከፍላል ብዬ ልሸነግላችሁ አልችልም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እሑድ የጸለይኩትና ሰኞ የሠራሁት አንድ ሰው ሆኖ ተሰማኝ።

እናንተም በዚህ ወር ሦስት ጥያቄዎችን ለራሳችሁ አቅርቡ። አንደኛ፦ ሥራዬን ብበድል የሚጎዳው ሰው ማን ነው? ፊቱን በዓይነ ሕሊናችሁ እስክታዩት ድረስ አስቡት። ሁለተኛ፦ ስህተት መሆኑን እያወቅኩ «የተለመደ ነው» ብዬ የማልፈው ምንድን ነው? ሦስተኛ፦ ብዙም ሳልጨነቅ የምችለው፣ ሌላው ግን የሚቸገርበት ሙያ ምን አለኝ? ሙያ በልብ ነው ይባል የለ!

ልጆች ላሏችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ቤት «ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?» የሚለውን ጥያቄ ቀንሰን፣ ራት ላይ «ዛሬ ማንን ጠቀምሽ?» ማለት ጀምረናል። መልሱ አንዳንዴ «እርሳሴን አዋስኩ» ነው። ይበቃል። ሰባት ዓመት ለሞላት ልጅ ጥሪ ያን ያህል ነው።

የመልቀቂያ ደብዳቤውስ? ቀደድኩት ብላችሁ ታሪኩ ያምር ነበር። አልቀደድኩትም፤ መሳቢያው ውስጥ አለ። አንድ ቀን ቀን እጽፍበት ይሆናል። ከጻፍኩበት ግን ከሰኞ ለመሸሽ ብዬ አይሆንም።

ልጄ ጥምቀትን ያከበረችው ባምናው ቀሚስ ነው፤ ጠርዙን ለቅቄላት። አዲሱን ያገኘችው ለፋሲካ፣ አባባ ባሉት ቀን ነው። መልካም ወር ይሁንላችሁ!