የእጅ ሙያ፦ ካቮው ሳይበጠስ እንየው

ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ስለ ሞተር ሳይክል ሰንሰለት አንብበናል። ዛሬ ስለ ካቮ እናነባለን።

ካቮ የእጅን ወይም የእግርን ጉልበት ወደ ራቅ ያለ ቦታ የሚያደርስ የብረት ገመድ ነው። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ የፊት ፍሬን፣ ፍሪሲዮንና ነዳጅ መስጫ በካቮ ይሠራሉ። የኋላውን ፍሬን በቀኝ እግራችን እንረግጣለን። እሱም በአንዳንዱ ሞተር በካቮ፣ በብዙው ደግሞ በቀጭን የብረት ዘንግ ይሳባል። በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ያለው ሞተርም አለ። የእሱ ነገር ሌላ ስለሆነ ለዛሬ እንተወው።

"እኔ ሞተር የለኝም፤ ይህ ምን ያደርግልኛል?" የሚል ይኖር ይሆናል። ሞተር ባይኖራችሁም ትሳፈራላችሁ። ከኢዲዶ ወደ ይርጋጨፌ ለገበያ ስትሄዱ፣ የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ ስታደርሱ፣ ከባለሞተሩ ኋላ ትቀመጣላችሁ። አገራችን ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዝናብ ሲመታው መንገዱ ያንሸራትታል። ቡና በሚለቀምበት ወራት ደግሞ ጆንያ ይጫናል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ከከዳ የነጂውም የተሳፋሪውም ነፍስ አንድ ላይ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ካቮን ማወቅ አለብን።

ካቮ እንዴት ይሠራል?

የእንሰት ቃጫ ገመድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዱን የቃጫ ክር ሕፃን ልጅ ይበጥሰዋል። ብዙው ተገምዶ ሲጠነክር ግን በሬ ይታሰርበታል። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ይባል የለም? ካቮም እንዲሁ ነው። ከብዙ ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች የተገመደ ነው።

ይህ ገመድ በቱቦ ውስጥ ያልፋል። ቢላዋ በአፎቱ ውስጥ እንደሚገባና እንደሚወጣ፣ ገመዱም በቱቦው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። የፍሬኑን እጀታ በጣታችሁ ስትስቡ ገመዱ ይሳባል። ገመዱ ጎማው ዘንድ ያለችውን ትንሽ ብረት ይስባል። ያን ጊዜ በታምቡሩ ውስጥ ያለው የፍሬን ሸራ ይከፈትና ታምቡሩን ይይዘዋል። ጎማው ይቆማል።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ገመድ በአንድ ጊዜ አይበጠስም። የቃጫ ገመድ መጀመሪያ አንድ ክር ይለቃል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። ካቮም ከመበጠሱ በፊት ምልክት ያሳያል። የሚያየው ሰው ካገኘ ቁልቁለት ላይ አይከዳም።

በየሳምንቱ የሚደረግ ምርመራ

ሞተሩን ሜዳ ላይ አቁሙና አጥፉት። በመካከለኛው እግሩ አስደግፉት። ከዚያ እነዚህን ተመልከቱ።

አንደኛ፦ የካቮውን ራስ እዩ። ገመዱ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እጀታው ውስጥ፣ ራሱ አጠገብ ነው። እጀታውን ስባችሁ በደንብ እዩ። ተነጥሎ የቆመ ሽቦ አለ? ቱቦው የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ነው?

ሁለተኛ፦ እጀታውን ስባችሁ ልቀቁ። ቶሎ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። እየተጎተተ ከተመለሰ ገመዱ ደርቋል ወይም ዝጓል ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ መሪውን እስከ ጥጉ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ አዙሩ። ካቮው መወጠርም መቆንጠጥም የለበትም። ሞተሩ ቆሞ ሲነሳ መሪውን ስታዞሩ በራሱ የሚጮህ ከሆነ፣ የነዳጁ ካቮ ተወጥሯል።

አራተኛ፦ ልክ ውሰዱ። በክፍል የተማራችሁበትን ማስመሪያ አምጡ። እጀታው ሥራ ሳይጀምር በባዶ የሚሄደውን ርቀት ጫፉ ላይ ለኩ። የፊት ፍሬንም ሆነ ፍሪሲዮን ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር መሄድ አለበት። የእግር ፍሬኑ ፔዳል ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ይህ ለብዙ ትንንሽ ሞተሮች የሚሆን ልክ ነው። የሞተራችሁ መመሪያ ሌላ ቁጥር ከጻፈ እሱን ተከተሉ።

ማስተካከል

ሸራው እየሳሳ ሲሄድ፣ ገመዱም ሲለጠጥ፣ ፍሬን ይላላል። አዲስ ካቮ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይለጠጣል። ይህ ሲሆን እንዲህ እናስተካክላለን።

የፊት ፍሬን ካቮ ሁለት ቦታ ማጥበቂያ አለው፤ አንዱ እጀታው ዘንድ፣ አንዱ ጎማው ዘንድ። መጀመሪያ ማጥበቂያውን የያዘውን ዳዶ በመፍቻ አላሉ። ማጥበቂያው ወደ ውጭ ሲወጣ ካቮው ይጠብቃል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ይላላል። ልኩ ሲደርስ ዳዶውን መልሳችሁ አጥብቁ። ዳዶው ሳይጠብቅ ከቀረ መንገድ ላይ ይፈታል።

የእግር ፍሬኑ ዘንግ ጫፍ ላይ አንድ ዳዶ አለ። ከኋላ ሆናችሁ ስታዩት ወደ ቀኝ ሲዞር ያጠብቃል፣ ወደ ግራ ሲዞር ያላላል። በአንድ ጊዜ ግማሽ ዙር ብቻ አዙሩ። ከዚያ ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ ረግጣችሁ ልቀቁና ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ። እግራችሁ ከፔዳሉ ላይ ሲነሳ ጎማው በነፃ መዞር አለበት። ሸራው የሚያሽ ከሆነ በጣም ጠብቋል። እንዲህ ሆኖ ከተነዳ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ መያዝ ያቆማል።

ሰንሰለት ካጠበቃችሁ በኋላ የእግር ፍሬኑን እንደገና ለኩ። ጎማው ወደ ኋላ ስለሚሳብ ፍሬኑም አብሮ ይጠብቃል።

ፍሪሲዮን ደግሞ ሲጠብቅ አንድ ችግር፣ ሲላላ ሌላ ችግር ያመጣል። ከጠበቀ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይጎትትም፤ ውስጡም ይቃጠላል። ከላላ ማርሹ እየተንቋቋ ይገባል።

ማጥበቂያው ሁሉ አልቆ ፍሬኑ አሁንም ከላላ፣ ጥፋቱ የካቮው ላይሆን ይችላል። ሸራው አልቆ ይሆናል። ያን ጊዜ ወደ መካኒክ ሂዱ።

ዘይት ማጠጣት

በጌዴኦ ዝናብ ብዙ ነው። ውኃ በላይኛው ጫፍ ገብቶ ቱቦው ውስጥ ይቀመጣል፤ ገመዱን ያዝገዋል። ስለዚህ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ዘይት አጠጡት።

የካቮውን ላይኛ ጫፍ ከእጀታው አውጡ። የፌስታል ቁራጭ እንደ ማጥለያ ጠቅልላችሁ በቱቦው አፍ ላይ እሰሩ። ጥቂት የሞተር ዘይት አንጠባጥቡበት። ገመዱን ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ። ዘይቱ በታችኛው ጫፍ እስኪወጣ ድረስ ቀጥ አድርጋችሁ ተዉት። ቢያድርም ጥሩ ነው። የተረፈውን በጨርቅ ጥረጉ። ዘይት የፍሬን ሸራን ከነካ ፍሬን አይዝም።

የምግብ ዘይት አትጠቀሙ። ውሎ ሲያድር እንደ ሙጫ ይጣበቃል። መመሪያው ዘይት አያስፈልገውም የሚል ካቮ ከሆነ ደግሞ እንዲሁ ተዉት።

መቼ ይቀየር?

አንድ ሽቦ ተነጥሎ ካያችሁ ካቮው ይቀየር። "ለዛሬ ይበቃኛል" አትበሉ። የተበጠሰ ካቮ በሽቦ ማሰር፣ መቋጠርም ሆነ መበየድ አይገባም። ቋጠሮ ሸክም ሲመጣበት ይፈታል። አዲሱን ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ርዝመታቸውንና ራሳቸውን ጎን ለጎን አስተያዩ።

ተሳፋሪም ዝም ብሎ አይቀመጥ። ከመውጣታችሁ በፊት "ወንድሜ፣ እስኪ ፍሬኑን ያዘው" በሉት። ሞተሩን ወደ ፊት ግፉ። ፍሬኑ ተይዞ ጎማው ከዞረ አትሳፈሩ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከዛሬ ጀምሮ በደብተራችሁ አንድ ገጽ ለዚህ ሥራ ለዩ። ቀኑን፣ የለካችሁትን ቁጥርና ያያችሁትን ጻፉ። ካቮው በስንት ጊዜ እንደሚላላ ራሱ ጽሑፋችሁ ይነግራችኋል።

ይህን ያውቃሉ?

በቱቦ ውስጥ የሚሄድ የብረት ገመድ የቆየ ብልሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ኧርነስት ሞኒንግተን ቦውደን የተባለ ሰው በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ከዚያም ለብስክሌት ፍሬን ዋለ። በውጭ አገር ደግሞ ዓሣ አጥማጆች ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ጀልባቸው ላይ ይተክላሉ። ሞተሩን የሚመሩት በእግራቸው ፔዳል ረግጠው ነው፤ እጃቸው ለመንጠቆው ነፃ ይሆናል። ፔዳሉ ገመዶቹን እንደ ፈረስ ልጓም ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይስባል። ገመዱ ከላላ ጀልባው ቶሎ አይታዘዝም። ውኃ ላይም ሆነ ቁልቁለት ላይ የካቮ ጠባይ አንድ ነው።

እስኪ መልሱ

1. ካቮ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው የት ላይ ነው?
2. ሰንሰለት ካጠበቅን በኋላ የእግር ፍሬንን ለምን እንደገና እንለካለን?
3. የምግብ ዘይት ለካቮ ለምን አይሆንም?
4. ለማንበብና ለመጻፍ፦ ካቮ፣ ፍሪሲዮን፣ ዳዶ፣ ማጥበቂያ፣ ታምቡር፣ ሸራ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጎማ ንፋስና ስለ ጎማ ጥገና እናነባለን። ጥያቄ ያላችሁ ጽፋችሁ ወደ ክፍል አምጡ።