ፕሮግራምን ከኮር ጋር ማሰር ያፈጥናል?

ኮምፒውተር ሲዘገይ ከሚሰነዘሩት ምክሮች አንዱ፣ ፕሮግራሙ በተመረጡ የፕሮሰሰር ኮሮች ላይ ብቻ እንዲሠራ ማሰር ነው። ይህ በዊንዶውስ በታስክ ማኔጀር፣ በሊኑክስ ደግሞ «ታስክሴት» በተባለው ትእዛዝ ይፈጸማል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፍጥነት ግን ሊያስከፍል ይችላል።

ምክሩ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ፕሮግራም ከኮር ወደ ኮር ሲዘዋወር፣ ካሽ በሚባለው የቀድሞው ኮር ፈጣን ማከማቻ ያኖረውን መረጃ ትቶ ይሄዳል፤ በአዲሱ ቦታም መረጃውን እንደገና መጫን ግድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2023 ለገበያ የቀረበው የኤኤምዲ ራይዘን 9 7950ኤክስ3ዲ ካሉት 16 ኮሮች ተጨማሪውን ካሽ የሚጋሩት 8ቱ ብቻ ናቸው። ብዙ የኮምፒውተር ጨዋታዎች በእነዚህ ላይ ሲሠሩ ይፈጥናሉ።

ይሁን እንጂ ማሰር መከለል አይደለም። ፕሮግራሙ ከተመደበበት ኮር አይወጣም፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ግን ወደዚያው ከመግባት አይታገዱም። ያ ኮር ሲጨናነቅ፣ ጎረቤቱ ሥራ ፈትቶ እያለ የታሰረው ፕሮግራም ወረፋ ይጠብቃል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ድልድሉን በየሰከንዱ ደጋግሞ ያስተካክላል፤ ሰው ግን አንዴ ወስኖ ይተወዋል።

ስለዚህ ከማሰር በፊት መለካት ይቅደም። ሥራው ፕሮግራሙ ሳይታሰርና ታስሮ የሚፈጀው ጊዜ ይነጻጸር። ልዩነት ካልታየ፣ ድልድሉን ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መተው ይበጃል። የመዘግየቱ ምክንያት የራም ማነስ ከሆነማ፣ ኮር መምረጥ መድኃኒቱ አይደለም።